በሃምሳው እሮብ ያዘዝኩት በያይነቱ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሮብ ምሳ ሰዓት ላይ። እስካሁን ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጅ "ምን ልታዘዝ?" ባለችኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለሰው ብነግረው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ፈቲያና እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ጎረቤት ሆነን ያደግን ጓደኛሞች ነን። እሷ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት፤ እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ሥጋ አብረን ስለማንበላ የምሳ ቀናችን እሮብ ነው። እሮብ የክርስቲያን ምግብ ቤቶች የጾም ስለሚሠሩ ፈቲያ ምንም ሳትጠይቅ ትበላለች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን እሮብና አርብም ስለማይጾም ዓሣ ቤት እንሄዳለን። ስንት ዓመት እንዲህ ስንኖር አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም።

ያን ቀን ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የፈቲያ ባል ጀማል ሞቶ፣ አራት ወር ከአስር ቀን የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ቤት ተቀምጣ መጨረሷ ነው። እህል የሚባል አልወርድ ብሏት ልብሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ ነው ከቤት ያወጣኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጀማል ሲታመም ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ለታላቅ ወንድሙ ነግረውት ነበር። ወንድምየው ለእኛ ለቅርቦቹ ነገረንና "ለፈቲያ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች" አለን። እኛም ዋጥ አደረግነው። "ቲጂ፣ ሐኪሙ ምን አለ አሉሽ?" ስትለኝ "ይድናል፣ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው" አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ አልኳት። ከሞተም በኋላ፣ ማወቄን ትወቅ አትወቅ እርግጠኛ አልነበርኩም። እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ከቤቷ ባጃጅ ይዘን የደቻቱን ወንዝ ተሻገርንና ከዚራ የለመድነው ምግብ ቤት ገባን። ዛፉ ሥር፣ የዱሮ ቦታችን ተቀመጥን። አስተናጋጇ አዲስ ስለሆነች አታውቀንም። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እኔም ሻሽ አስሬ ስለነበር ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ለይታ ማወቅ አትችልም። "በያይነቱ፣ ለሁለት" አልኳት። ሃምሳው መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ጠዋት ቁርሴን በእንቁላል በልቼ ወጥቼ እኮ ነው!

ትሪው ሲመጣ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አላየሁበትም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ መሐሉ ላይ ሽሮ። ፈቲያ መጀመሪያ በጫፍ በጫፉ ነካካች። ከዚያ ሱሪ ገዝታ በሳምንቱ "ጠበበኝ" ብላ ስለመለሰች አንዲት የድሮ ደንበኛዋ እያወራችልኝ፣ እየሳቀች፣ ደህና አድርጋ መብላት ጀመረች። ደስ አለኝ። ለእሷ እንዲተርፍ፣ እንዳትነቃብኝም ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የምጎርሰው።

እጄን ወደ ሽሮው ስሰድ ጣቴ ሥር ድቅቅ ያለ ሥጋ አገኘሁ። ቦዘና ሽሮ ነው። ያን ጊዜ ነው ሃምሳው ትዝ ያለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሽሮውን በእንጀራ መሸፈን ነው። ከአራት ወር በኋላ ገና ዛሬ ስትበላ ማየቴ ነው፤ ብነግራት ተነስታ ትሄዳለች፣ ሁለተኛም አትወጣም። ዝም ብዬ የመሐሉን እኔ ብጨርሰውስ? ማን ያውቃል?

ፈቲያ ግን እያወራች እጇን ወደ መሐል ሰደደች። እጇን ያዝኳት።

"ፈቲ፣ ተይው። ሥጋ አለበት። ሃምሳው መሆኑን ረስቼ ነው" አልኳት።

የያዘችውን ትሪው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ተነስታ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። ስትጉመጠመጥ ይሰማኛል። አስተናጋጇ መጥታ "የጾም ነው አላላችሁኝም እኮ" አለች፤ ልክ ናት። ትሪውን አንስታ ሄደች። እኔ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ፈቲያ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ተቀመጠች።

"ሳናውቅ ነው። አላህ ያየዋል" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ "ይሄን ለመንገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀብሽም። የጀማልን ግን ሦስት ወር ደበቅሽኝ" አለችኝ።

"እንዳትደነግጪ ብለን ነው" አልኩ።

"ልደንግጣ! ደንግጬ እሱ ጋ እቀመጥ ነበር። ሱቅ ነበርኩ አቦ። ወላሂ፣ የሞተ ቀን ጠዋት እንኳ 'ቶሎ እመለሳለሁ' ብዬው ሄጄ ሱሪ ስሸጥ ነበር። ይድናል ስትሉኝ ምን ላድርግ?"

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" ብቻ አልኳት፤ እንባዬም መጣ። እሷ አላለቀሰችም። ሶፍት ወደ እኔ ገፋ አደረገችና "ዓሣ ካላቸው ጠይቂልኝ፣ እርቦኛል" አለች። ዓሣ ነበራቸው። በልተን ወጣን።

አሁንም በየሳምንቱ ምሳ እንበላለን። ሰው ሲታመምም ሆነ ሲሞት፣ "ለእገሌ እንዳይነገር" ሲባል ከእንግዲህ አልተባበርም፤ በዚህ የተቀየሙኝ ዘመዶችም አሉ። ፈቲያ ይቅር ብላኛለች፣ አምናታለሁ። የቦዘናውን ነገርማ እያነሳች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ ያ ስህተት ነው። የጀማልን ግን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።