ቆርቆሮ ሳይመታ የዋለበት ቀን

በዚያን ዕለት ከእኔ ሌላ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የትምህርት ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ፤ ለደቦ የወጡ የአካባቢው ገበሬዎች፣ ብዙዎቹም ገና ጎሕ ሲቀድ የደረሱ፤ ለደቦው ጠላ ጠምቀው የመጡ አንዲት ባልቴት፤ ውኃ የሚያመላልሱ ተማሪዎቼ፤ ከእንጭኒ በበቅሎ የመጣ አንድ ነጋዴ፤ ከአምቦ ያስመጣነው ኮንትራክተር።

ቦታው ጎጆ ከተማ ነው፤ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ብርዱ በሰኔ ብቻ ሳይሆን በግንቦትም የሚያንዘፈዝፍበት አገር። እኔ የከተማዋ ብቸኛ መምህር ነበርሁ፤ የማስተምረውም በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ከአምቦ የመጣው የትምህርት ሹም የተናገረው አጭር ነው፦ እስከ መስከረም ድረስ ጣሪያ ያለው ቤት ካልቆመ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ምትክ እንደማይላክ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ገበሬዎቹ ገብስና በግ እየሸጡ ኮንትራክተሩን በቀን ሒሳብ ቀጠሩት። የጭቃው ግድግዳ ቆመ። የቀረው ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮውን መምታት ብቻ ሆነ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እበድለዋለሁ። መዶሻ ሲይዝ እጁ ያምር ነበር። ነገር ግን ገና በመጣ በሳምንቱ የምስማር ሳጥን ገልብጦ ጠረጴዛ አደረገው፤ በላዩም ማኅተሙን፣ የማኅተሙን ቀለምና ወረቀቶቹን ደረደረ። እኛ በከፈልንበት ቀን የንግድ ፈቃዱን ማሳደሻ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ጊንጪ ላይ ለሚጫረተው ሥራ ዋጋ ያወጣል፤ ሊያሠሩት የሚፈልጉ ሰዎችን እዚያው ግድግዳችን ሥር ተቀብሎ ያነጋግራል። ጣቶቹ ላይ ከጭቃው ይልቅ ሐምራዊው ቀለም ይበዛ ጀመር።

አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ስለዚሁ ጠየቅሁት።

«መምህር» አለኝ፣ ሳይቆጣ፤ «የእርስዎ ደመወዝ በየወሩ ይመጣል። የእኔ ይህ ቤት ያለቀ ቀን ያልቃል። የሚቀጥለውን ሥራ ዛሬ፣ እዚህ ቆሜ ካልያዝሁ፣ መቼ ልይዘው ነው?»

ወደ ዛፌ ጥላ፣ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስሁ።

በዚያ አገር ደቦ የወጣ ሰው ባለሙያው የመጀመሪያውን እንጨት ሳያነሳ ሥራ አይነካም። ሥራውን የሚከፍተው ባለሙያው ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ግን የሚያቆማቸው የለም። በዚያን ዕለት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እንጨቱም ቆርቆሮውም ተዘጋጅቷል። ልክ በዚያን ሰዓት ነጋዴው ደረሰ፤ እንጭኒ ላይ ሊያሠራ ስላሰበው ሱቅ ውል ሊዋዋል ነበር አመጣጡ። ኮንትራክተሩ «አንድ አፍታ» ብሎን ከሳጥኑ ኋላ ተቀመጠ።

አፍታው ረዘመ። ነጋዴው የሱቁን በር ሁለት ያደርገዋል፤ መልሶ አንድ ያደርገዋል፤ ውሉም እንደ አዲስ ይጻፋል። ገበሬዎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

«ኦቦ ኮንትራክተር!» አሉ ባልቴቷ ጋናቸውን እየከደኑ። «ጠላዬ ሊሆመጥጥ ነው። ቀኑን ለእኛ ሸጠህ ፀሐዩን ለእንጭኒ ታከራያለህ እንዴ?»

ደቦው በሙሉ ሳቀ። እርሱም አብሮ ሳቀ።

«እማማ፣ ማኅተሜን ልምታና መጣሁ።»

«ማኅተሙ ከዝናብ ያስጥለናል?»

ሊቀ መንበሩ አልሳቁም። በስተደቡብ፣ በደንዲ በኩል፣ ደመናው መጥቆር ጀምሮ ነበር። «አንተ ሰው፣ ሰማዩን እየው» አሉት።

«አይቻለሁ ኦቦ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ፊርማው ሳይደርቅ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ኮንትራክተሩ ብድግ ብሎ ከክምሩ አንድ ቆርቆሮ ሲያነሳ ግድግዳውን ሊያለብስ መስሎን ተከተልነው። እርሱ የሮጠው ወደ ሳጥኑ ነበር። ወረቀቶቹን ከደነ። ከዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ የተናደው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙም ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ገበሬዎቹ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው በየአቅጣጫው ሄዱ። ጠላውን የቀመሰ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ በዝናቡ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

«አሁን በምን አፌ ደግሜ እጠራቸዋለሁ?» አሉኝ። «እርሻቸውን ጥለው መጥተው ተጎልተው ዋሉ።»

ደግመውም አልጠሯቸውም። ኮንትራክተሩ በማግስቱ ግድግዳውን ያለ ክፍያ መልሼ አቆመዋለሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉንም ከልቡ የሰጠ ይመስለኛል። ግን በክረምት የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፤ የእንጭኒው ውል ደግሞ ተፈርሟል። ሳጥኑን በአህያ ጭኖ ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ሊቀ መንበሩ የገብስ ጎተራቸውን ለቀቁልኝና በዚያ አስተማርሁ። ሹሙ መጥቶ ከደጃፉ ቆሞ አየን፤ ወደ ውስጥም ሳይገባ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ጊንጪ መዛወሬ ተነገረኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወላጆች ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ለሥራ ያስቀሯቸው ጀመር።

በመጨረሻው ጠዋት እንደ ወትሮዬ የአርባውንም ልጆች ስም ጠራሁ። «አቤት» ያሉኝ ሰባት ነበሩ።