የአበልጄ ምላጭ

የደብረ ታቦር ብርድ ሽማግሌ ሲያገኝ ጀርባው ላይ ይሰፍራል። እኔ ላይ ከሰፈረ ቆየ። ጀርባዬ በከበደኝ ቁጥር የምሄደው ወደ አበልጄ ነበር፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ፣ በሰፈራችንም ዋግምት በማገም የታወቀ ሰው ነው። ቆዳዬን በምላጭ በጣ በጣ ያደርግና ቀንዱን ይደፋበታል፤ አየሩን በአፉ ስቦ ጫፉን ሲደፍነው ጥቁር ደም ይወርዳል። ቅልል ብሎኝ እነሣለሁ። የቀለለኝ ደሜ ይሁን አእምሮዬ፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ አልወሰነችም።

ዘንድሮ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጣች። ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ፣ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በአገራችን ሰው ላይ ምን ያህል እንደተስፋፋ፣ የትኛው ዝርያውም እንደሚበዛ ሊጠና ነውና ደም ስጡ አለችን።

“የወፍ በሽታ ነው የምትይው?” አልኳት። በእኛ ዘንድ ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይባላል። “በእኔ ላይ ወፍ አልፋብኝ አታውቅም። ብታልፍም የምታርፍበት ፀጉር የለኝም።”

“አባባ፣ ይኸኛው ዓይንዎን ቢጫ ሳያደርግ ብዙ ዘመን ጉበትዎ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።”

“ዝርያውን ማወቁስ ምን ያደርግልሻል?”

“ጥቁር ገብስና ነጭ ገብስ አንድ ዓይነት መሬት ይወዳሉ?”

“የት ተገናኝተው።”

“መድኃኒቱም እንደዚያ ነው። ለአንዱ ዝርያ የበረታው ለሌላው ይደክማል።”

ዕድሜ ልኬን አራሽ ነኝ ብዬ ስኮራ ኖሬ በገብስ ተረታሁ። ወደድኳት።

ከዚያ ግን በምን እንደሚተላለፍ ነገረችን፤ በደም፣ አንድ ምላጭ ከሰው ሰው ሲዞር። “ዋግምት የታገማችሁ አላችሁ?” ስትል ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ያንን ምላጭ የማያውቅ የለም፤ በሁላችንም ጀርባ ላይ ፈርሟል። እኔም የታረሰ ማሳ የመሰለ ጀርባዬን ይዤ፣ አበልጄን እንዳላሳጣው “ኧረ እኛ ዘንድ የለም” ልል አፌን ከፈትኩ።

“አትዋሽ” አለኝ ከኋላዬ። ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ፊት ወጣ። “ምላጩ የኔ ነው። ማጠብ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ጀርባውን የነካሁት ሁሉ ይመርመር። ከኔ ጀምሪ ልጄ፣ እኔም በዚያው ተበጥቻለሁ።”

በስተርጅና ስሙን ለሐሜት ሰጥቶ አደባባይ ቆሞ እንዲህ የተናገረ ሰው አላየሁም። ከኋላው ሰልፍ ተሠራ። እኔ መርፌ ስለምፈራ ለጨዋነት ብዬ ሴቶቹን አስቀደምኩ፤ ሴቶቹ ሲያልቁ ጨዋነቴም አለቀ።

የኔ ደም ንጹሕ ሆነ። የእሱ ላይ ተገኘ። ሆስፒታል ላኩትና ክኒን ጀመረ፤ አብዛኛው ሰው ይድንበታል አሉት። እሱን የጨነቀው ግን የጽዋ ማኅበራችን ነበር። በየወሩ ተሰብስበን ጠላ የምንጠጣው ከአንድ ጽዋ ነው፣ ከእጅ እጅ እየዞረ።

“ከእንግዲህ እቀራለሁ” አለኝ። “ሰው ይጸየፈኛል።”

“ነርሷ በጽዋ አይተላለፍም ብላለች እኮ።”

“እሷማ ብላለች። እነሱስ?”

የወሩ ተራ የኔ ቤት ነበር። ቢቀር ሚስቴ ሄዳ ጎትታ እንደምታመጣው ስለሚያውቅ መጣ፤ በሩ ሥር ተቀመጠ። ጽዋው ሲደርሰው “እለፉኝ” አለ።

“ማንን ነው የምናልፈው? ጠጣ” አሉት የማኅበራችን ቄስ።

ጥቂት ቀመሰና ወደ ጎኑ አቀበለ። ከጎኑ ያለሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ሁሉ አየኝ። ጀግንነት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሚስቴም ጠላ ታውቅበታለች። እስከ አተላው ጨለጥኩት።

“ለሰው አስተርፍ እንጂ፣ አንተ ሆዳም” አለኝ አበልጄ።

ሚስቴ ጽዋውን መልሳ ሞላች። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው እጁን ዘረጋ።