ናናው ካልበቀለ

አምለሰት እጇ አያርፍም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ቅርንጫፍ ያልቀነጠበችበት አጥር የለም፤ ደግነቱ ከወሰደችው የሰጠችው ይበልጣል። ዘንድሮ ሰፈር ውስጥ ስለ ወራሪ አረም ትምህርት ሲሰጥ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን አንቀላፋችበት። «ከተተከለበት አልፎ የሄደ ሁሉ ወራሪ ነው» ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት!

የወንድሟን ልጅ አምሃን ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እሷ ናት። አምሃ ሲ.ኤም.ሲ የምትኖረውን ፊልሞናን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ «እኔን ትታችሁ?» ብላ ተከተለች። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም» ብለው ሳሎን ቆመው ሲለማመጡ፣ የእሷ ዓይን በመስኮት ጓሮ ገባ። ናና! ከተተከለበት አሮጌ ጎማ ወጥቶ ጽጌረዳዋን እስከ ወገቧ ውጧታል። «አየር ልቀበል» ብላ ወጣች። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት።

ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ናናው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በማዳበሪያ ታጭቆ፣ ከግቢው ውጪ ቦዩ ዳር ተደፍቷል። ጉዱ መች በዚህ አበቃ! በሩ አጠገብ ቀይና ቢጫ አብቦ የደመቀውን የወፍ ቆሎ አይታ «ይቺን የመሰለች አበባ!» ብላ ለራሷ አንድ ቅርንጫፍ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠች።

የፊልሞና እናት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጓሮውን ሲያዩ ጮኹ።

«ናናዬን! ከእናቴ ግቢ ያመጣሁትን ናናዬን!»

«ወራሪ ነው እኮ እሜቴ፣ ጽጌረዳዎን ሊያንቃት ነበር…»

«ወራሪስ እርስዎ!» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ናናዬ ተመልሶ ካልበቀለ ልጄን አልሰጥም!»

ሽማግሌዎቹ ዘር ቢጠየቁ፣ ሥራ ቢጠየቁ መልስ አሰናድተው ነበር፤ ስለ ናና ማን አሰበ? አምሃ ሲነገረው ፊቱ አመድ መሰለ። አምለሰትን ያንገበገባት ደግሞ ይኸው ፊቱ ነው።

«ምነው ይህን እጄን በቆረጠው!» እያለች በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ወጣች። ለአንድ ጎማ ናና ዣንጥላ ተሳለች! አይ አምለሰት! ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ አየችና ቆመች። የወፍ ቆሎ ነው። ማንም ሳይተክለው ሸለቆውን ሞልቶ፣ የወይራ ችግኞቹን ከላይ ተጭኗቸዋል። ወፎቹ ፍሬውን እየለቀሙ ወዲያ ማዶ ይበራሉ። ናና ብትፈልግ፣ አንዲት ቅጠል የለችም።

«ወይኔ ጉዴ! ናና ጎረቤት ያስቸግራል እንጂ ጫካ አይወርስም!» ብላ ብቻዋን ጮኸች። ቤቷ እንደገባች ያቺን ሰርቃ የተከለቻትን ቅርንጫፍ ነቅላ እሳት ውስጥ ጨመረቻት።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። «አንቺ ሴትዮ፣ አሁኑኑ ነይ!» ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው።

ልቧ እንደተሰቀለ ደረሰች። ጎማው ባዶ ነው፤ አንዲት ቀንበጥ እንኳ የለችበትም። እንባዋ ሲመጣ ሴትዮዋ ክንዷን ይዘው ወደ ውጪ ጎተቷት። ቦዩ ዳር፣ ማዳበሪያው የተደፋበት ቦታ ላይ፣ ናናው አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ የጎረቤቱን በር ሊያንኳኳ ደርሷል!

«ጎረቤቴ ከጠዋት ጀምራ ‹ናናሽን ሰብስቢልኝ› እያለች ነው» ብለው ሳቁ። አምለሰትም ሳቀች፤ ተያይዘው እስኪንገዳገዱ ሳቁ።

እንባዋን ስትጠርግ ግን ዓይኗ በሩ አጠገብ ካለው የወፍ ቆሎ ላይ አረፈ። እጇ ተነሣ። መልሳ ደረቷ ላይ አጣጠፈችው።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ።

«ወራሪውስ ይሄ ነበር። ፍሬውን ወፍ ወስዳ እንጦጦን እያስወረሰችው ነው። ግን ካልፈቀዱልኝ አልነካውም፤ በሰው ግቢ እጄን አልሰድም ብዬ ምያለሁ።»

ሴትዮዋ አበባውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«የምን የሰው ግቢ? የልጅሽ አማቶች ግቢ ነው። ንቀይው!»

አምለሰት ለመንቀል ጎንበስ አለች፤ እልልታዋ ግን ቀደማት።