ከከሰሉ ሥር ያለው ፌስታል

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዲላ ውስጥ ከቤታችን ከፍ ብሎ ባለው ጉድጓድ የክሊኒኮች ቆሻሻ መቃጠል ሲጀምር ጎረቤቶቼ "አንቺ ቅደሚ" አሉኝ። አላንገራገርኩም። የስምንት ዓመት ልጄ አስም አለባት። ጓንቱ፣ ስሪንጁ፣ የግሉኮሱ ላስቲክ ሲነድ ጥቁሩ ጭስ እንሰቱን አልፎ በመስኮት ይገባል፤ የእሷም ትንፋሽ ማፏጨት ይጀምራል። አንድ ቀን እጄ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቆሻሻ የጫነው አይሱዙ ሲመጣ ሴቶች ሰብሰብ ብለን መንገዱ ላይ ተቀመጥን። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አልተነሳንም። ሞተሩን እያስጓራ እግራችን ድረስ አስጠጋው። ጎኔ ያለችው ቆጮ ሻጭ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ በጌዴኦኛ ትጸልያለች። የእኔ አፍ ግን አላረፈም።

"በላያችን ላይ ንዳው! ልጄን ጨርሰህ የለ? እኔንም ጨምረኝ!"

ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው የቆሻሻ ማስወገዱ ሥራ ኃላፊ ከጋቢና ወረደ። "እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ። በየቤታችሁስ ጭስ የለም?"

"የእኛ የምግብ ጭስ ነው! ከመርዝህ ጋር ታመሳስለዋለህ? ወይ ድፍረት!" ብዬ ጮህኩበት። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ።

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ኃላፊው ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉና ከእንግዲህ እዚህ እንደማያቃጥሉ ነግሮን መኪናው ዞሮ ሄደ። እልልታችን ለጉድ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ቸርች ከመሄዳችን በፊት፣ ቁርስ ልሠራ በረንዳ ላይ ከሰል ማያያዝ ጀመርኩ። ማታ ዘንቦ ስለነበር ከሰሉ ረጥቧል። እንደ ሁልጊዜው፣ እናቴም ታደርገው እንደነበረው፣ የዳቦ ፌስታል ጠቅልዬ ከሥሩ ከተትኩና ክብሪት ጫርኩበት። ፌስታሉ እየተንጠባጠበ ነደደ። በሰፈራችን ከሰል በሌላ ነገር ሲያያዝ አይቼ አላውቅም።

ወዲያው ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ይዛለች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል። የምትስበውን መድኃኒት አፏ ላይ ደቀንኩላት። አንዴ ሳበች። ደገመች። ቆይቶ ትንፋሿ መለስ አለ።

"እማዬ፣ መኪናው ተመልሶ መጣ እንዴ?"

በመስኮቱ ወደ ጉድጓዱ አየሁ። ምንም ጭስ የለም። ጭሱ ከበረንዳችን፣ ከራሴ ምድጃ ነው የሚገባው። እኔን ይድፋኝ! ስንት ጠዋት እንዲህ አድርጌያታለሁ?

"አልመጣም" አልኳት። "እኔ ነኝ፣ ልጄ።"