የተገለበጠችው በርባራ

ክላረንስ ጋርበት ከስድሳ ዓመቱ አብዛኛውን ያሳለፈው የሰው መስኮት ሲጠግን ነው። በዮርክሻየር ገጠር እሱ ያልነካው የቤተ ክርስቲያን መስታወት አልነበረም። እጁ የተመሰገነ፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው፤ ኩራቱ ግን ለብቻው አንድ ሰው ይወጣዋል። ኩራት ደግሞ ክፉ ጌታ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቶርንቢ ባላባቶች በቤታቸው ጸሎት ቤት ያለውን የአራት መቶ ዓመት ባለቀለም መስኮት እንዲያድስላቸው ጠሩት። እንዲህ ያለው መስታወት ሥዕሉ ያለበት ገጽ ዝናብ እንዳያጥበው ወደ ውስጥ ዞሮ ይገጠማል፤ ይህን ለማጅ እንኳን ያውቀዋል። ክላረንስ ግን ለፋሲካ ለማድረስ ሲጣደፍ የቅድስት በርባራን ፊት ገልብጦ ገጠመው። ያወቀው ለሥራው የቆመው የእንጨት መወጣጫ ከፈረሰ በኋላ ነው። መናገር አፈረና ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡ በየዓመቱ ፊቷን ላሰው። መጀመሪያ ቅንድቧ፣ ቀጥሎ አፏ ጠፋ። ዘንድሮ የቀራት አንድ ዓይን ብቻ ነው።

በጥቅምት የባላባቶቹን ማድ ቤት መስኮት ሊጠግን ሄዶ ሳለ ወጥ ሠሪዋ ዶርካስ ሻይ እየቀዳችለት፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ያቺን ቅድስት አይተሃታል?" አለችው። "እመቤቲቱ 'ፊቷን ከቤታችን መለሰች' ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። ሐኪሙ ልጃቸውን ላይኔልን ቶሎ ወደ ሳንባ ሆስፒታል ላኩት ቢላቸው፣ 'የተፈረደበትን ልጅ ሰው አገር ወስጄ አልቀብርም' አሉ።"

"ዝናብ ነው እኮ ያጠፋት!"

"ሂድ ወዲያ! አንተ ከመስታወት ሌላ ምን ታውቃለህ?"

ከፎቅ ሳል ተሰማ። ላይኔል ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክላረንስ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

መሰላሉን ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ጋር አስደግፎ ወጣና በውጭ በኩል በርባራን በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋት። የቀረው ዓይን እንደ ጥቀርሻ ጣቱ ላይ ቀረ። ከመሰላሉ ወረደ። ጣቱን ሳይጠርግ የቤቱ እመቤት ሞድ ፊት ቀረበ።

"እመቤቴ፣ ቅድስቲቱ ፊቷን አላዞረችብዎትም። ገልብጬ የገጠምኳት እኔ ነኝ። ዝናብ ነው ያጠባት። ይኸው፣ ይዩት።"

እመቤት ሞድ የጠቆረውን ጣት ብዙ አዩት። ከዚያ ደወሉን ደውለው ዶርካስን ጠሩ።

"ሾፌሩ መኪናውን ያውጣ። ላይኔል ዛሬውኑ ይሄዳል።"

ክላረንስ እፎይ አለ። ስሙ መጥፋቱ ነው፤ ይጥፋ፣ ልጁ ግን ይድናል። ባርኔጣውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ "ቆይ፣ ጋርበት" አሉት።

"መገልበጧን መቼ ነው ያወቅኸው?"

"መወጣጫው የፈረሰ ዕለት፣ እመቤቴ።"

እመቤት ሞድ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ።

"ሟቹ ባለቤቴ በታመመ ጊዜ የቅድስቲቱ አፍ ጠፍቶ ነበር" አሉ። "ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያድነዋል ሲሉ፣ በከንቱ አታሠቃዩት ብዬ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።"