ሐያት ልካ ነበር

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ እንኳን በየጾሙ መግቢያ ሄጄ ቁጣዬን፣ ስስቴን፣ የምላሴን ክፋት ስዘረዝር እቆይና እዚህች ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። እንግዲህ የሚያናግራችሁ ንስሐ ላይ ቆሞ የዋሸ ሰው ነው፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ።

አስተማሪ ነኝ። አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግቢው አይደለም። ጥፋቱን ደግሞ ኋላ እንዳልሸሸው ከአሁኑ ልናገር። አንዲት ተማሪ የቤት ሥራዋን ሁሉ ሠርታ ልካልኝ ሳለ አልላክሽም አልኳት። ውሸታም አልኳት። መላኳን ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ የላከችውን አጠፋሁት።

ሥርዓት የሚሉት ነገር ያሳብደኛል። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ልጆች እንዴት አድርገው አማርረውኝ ነበር! አንዱ «ቲቸር፣ ደብተሬን ታክሲ ላይ ረሳሁት» ይለኛል። ሌላው የባዮሎጂውን የቤት ሥራ በሂሳብ ደብተሩ ጀርባ ጽፎት ይመጣል። የአንዷን ወረቀት ታናሽ ወንድሟ ጀልባ ሠርቶበታል። በቃኝ አልኩና ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛዬን ለምኜ አንድ ዘዴ አሠራሁ። ተማሪው የቤት ሥራውን በስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ከሥሩ ስሙን ይጽፋል፣ በቴሌግራም ይልካል፤ እኔም ደብተር ማየት ተውኩ። ፕሮግራሙ ስሙን አይቶ በየልጁ ሳጥን ይከትተዋል። ላፕቶፔ ላይ የላከው ልጅ ስም አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልላከው ቀይ። ስልክ የሌለው ልጅ ከቤተሰብ ስልክ እንዲልክ ተነገረ።

ደግሞ መሥራቱ! እነዚያ ዝርክርክ ልጆች ሰው ሆኑ። ዓርብ ዓርብ ስማቸውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ስዘረጋው ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። አረንጓዴ የሆነው ይጨፍራል፣ በቀዩ ይሳቅበታል። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው አይተው «አንተ ልጅ፣ ጉድ እኮ ነህ» አሉኝ። ደረቴ ተነፋ። ስለ ሥርዓት ለባልደረቦቼ መስበክ ጀመርኩ፤ ሻይ ቤት ሳይቀር።

ሐያት የወሎ ሰዎች ልጅ ነበረች። አባቷ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ነው። እናቷ እትዬ ዘሀራ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ይሸጣሉ። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ፊት ወንበር ትቀመጣለች፣ ደብተሯን በላስቲክ ለብዳ ርዕሱን ሁሉ በማስመሪያ ታሰምራለች። በክፍሉ ውስጥ ያለ እኔ ጉትጎታ ሥርዓት የነበራት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ይህን አይቻለሁ። እያየሁ ነው ያደረግሁት።

የሐያት ስም ግድግዳው ላይ አንድም ዓርብ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም። ልጆቹ «ቀይ መብራት» የሚል ስም አወጡላት። ጠዋት ስትገባ «ቀይ መብራት መጣች፣ ቁሙ!» ብለው መተላለፊያው ላይ ቀጥ ይላሉ። እኔስ ተቆጣኋቸው? የለም። እኔም ስቄአለሁ።

«ቲቸር፣ ወላሂ ልኬአለሁ» ትለኛለች።

«ታዲያ የታለ?»

«እናቴ ስልክ ላይ አለ። ነገ ላምጣውና ይዩት።»

«ዛሬ ሠርተሽ ነገ ልታሳዪኝ? አንቺ ልጅ፣ ማሽን አይዋሽም። የሚዋሸው ሰው ነው።»

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እየሰማ። «በይ አምጪው» ብላት ምን እሆን ነበር? ጣቴ ይቆረጥ ነበር? አላልኩም። የራሴን ዘዴ ከመጠርጠር ልጅቷን መጠርጠር ቀለለኝ።

በዚያ አልበቃኝም፣ ወላጅ አስጠራሁ። እትዬ ዘሀራ ገበያቸውን ለጎረቤት ትተው፣ በላብ ተጠምቀው መጡ። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዙሬ «ይኸው፣ ይህ ሁሉ ቀይ የልጅዎ ነው» አልኳቸው። ፊደል ብዙም አይለዩም፤ ቀይን ግን ማን አይለይም? ሐያት «እማ፣ በአንቺ ስልክ እኮ ነው የምልከው፣ አጠገብሽ ሆኜ!» አለች። እናትየው ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ነበር። አንዴ ስልኩን አዩ፣ አንዴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን በኩርኩም አሏት። «ቲቸሩ ይዋሻሉ ወይ? ትልቁን ሰው ልታዋርጂ?» አሏት። ስልኩ እኮ ክንዴ የሚደርስበት ነበር! እጄን ዘርግቼ አልጠየቅሁም። ሐያት ከዚያን ቀን ወዲህ ልኬአለሁ ብላኝ አታውቅም። እኔም ታረመች አልኩ።

የዓመቱን ማርክ ሬከርድ ቢሮ አስገብቼ ጨርሼ ነበር፤ ሐያት በቤት ሥራው ዜሮ ሳቢያ ማለፊያው ጎድሏታል። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን መጥተው ዘዴዬን ሊያዩ መሆናቸውን ነገሩኝ፤ የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊነቱም ለእኔ ሳይሆን እንደማይቀር ጫፉን አሳዩኝ። እኔም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ላፕቶፔን ላጽዳ ብዬ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ባለቤቱን ያላወቀውን ነገር ሁሉ የሚጥልበት «ያልታወቀ» የሚባል ሳጥን ነበረው። የልጆች ቀልድና በስህተት የተላከ ፎቶ ነው የሚኖርበት ብዬ ከፍቼው አላውቅም። ከፈትኩት።

ሐያት ነበረች። ከመጀመሪያው የቤት ሥራ እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሳይጎድል። ርዕሱ በማስመሪያ ተሰምሯል፣ የልብ ሥዕሉ ቀይና ሰማያዊ ተቀብቷል። አንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የሰልባጅ ክምር ይታያል፤ ገበያ መሐል ተቀምጣ ነው የላከችው። ከሥሩም ስሟን ጽፋለች፦ ሀያት።

አያችሁት? ስልክ ያላቸው ልጆች ፕሮግራሙ ላይ ስማቸውን ራሳቸው አስገብተዋል፤ ስልክ የሌላቸውን የመዘገብኩት ግን እኔው ነበርኩ፣ ከልደት ካርዳቸው እየገለበጥኩ። በሐመሩ ሐ «ሐያት» ብዬ መዘገብኳት። እሷ ደግሞ በእናቷ ስልክ ላይ ቀድሞ የመጣላትን ሃሌታውን ሀ ነክታ ላከች። ማናችን ነን ሀንና ሐን ለይተን የምንጽፈው? አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እንጽፋለን፤ አንባቢው እንደሆነ አንድ አድርጎ ያነበዋል። ማሽኑ ግን የሚያየው ቅርጹን ነው፤ ጆሮ የለው! ለእሱ ሀያትና ሐያት ሁለት ሰው ናቸው። አንዷን አላውቃትም ብሎ ጣላት፣ ሌላዋን ቀይ ቀባት። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ማንንም ያጋጥማል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም።

ሬከርድ ቢሮው ገና ክፍት ነበር። ካርድ አልታደለም። አንድ ማመልከቻ ጽፌ «ተሳስቻለሁ» ብዬ መፈረም ነበር የቀረኝ፤ ልጅቷ ታልፍ ነበር። ወንበሬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ግን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እነዚያን መምህራን ነው ያሰብኩት። ርዕሰ መምህሩ «ዘዴው ሰው ይጥላል እንዴ?» ሲሉኝ ታየኝ። ሻይ ቤት ሲሳቅብኝ ታየኝ። የልጅቷ ፊት አልታየኝም። ሳጥኑን መርጬ «አጥፋ» የሚለውን ነካሁ። ላፕቶፑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። እኔ አጠፋሁት። እጄ የራሴ ነበር፣ ማንም አላስገደደኝም፣ አልጠጣሁም፣ አልታመምኩም። እኔ አጠፋሁት።

እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ። ኃላፊነቱንም ሰጡኝ። ኋላ ጓደኛዬን ጠርቼ ሀን፣ ሐንና ኀን ፕሮግራሙ እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው አስደረግሁ፤ ለምን ብሎም አልጠየቀኝ። ለሚመጡት ልጆች አስተካከልኩት ማለት ነው። ለእሷ ምን አደረግሁ? ምንም።

ሐያት ደጋሚ ተባለች። በመስከረም አልተመለሰችም። አባቷ «የቤት ሥራ መላክ ያቃታት ልጅ ምን ልትሆን ነው? ባይሆን ሠርታ ትርዳን» ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀራት። ቆየት ብሎ ዓረብ አገር፣ ሰው ቤት ገባች ሲባል ሰማሁ። ስሰማ ፈተና እያረምኩ ነበር። ቀና አልኩና መልሼ ማረሜን ቀጠልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት እጄን አፈፍ አድርገው ያዙኝ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው እዚያው ገብተዋል። «ቲቸር! ወላሂ አልለቅዎትም፣ እቤት ሳይገቡ አይሄዱም» ብለው እየጎተቱ ወሰዱኝ። ደረጃውን ስንወጣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እግዚአብሔር ራሱ አመጣኝ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ተቀመጥኩ። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ጠጣሁላቸው። ስለ ሐያት ሳልጠይቃቸው እሳቸው ጀመሩ።

«ቦሌ ልሸኛት ሄጄ፣ ልትገባ ስትል ዞር አለችና ‹እማ፣ የቲቸርን የቤት ሥራ ልኬ ነበር እኮ› አለችኝ። ይታይዎት፣ አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ይህን ያነሳል? እኔም ‹አሁንም አልተውሽም?› ብዬ ተቆጣኋት። ያው በዚያው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለአባቷ እንጂ ለእኔ አትደውልልኝም። ሰሞኑን እንቅልፍ ነሳኝ። ቲቸር፣ በሚያምኑት ይሁንብዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ዋሽታኝ ነበር?»

ዓይን ዓይኔን ነው የሚያዩት። አፌን ከፈትኩ። ልካ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የሚባል ነገር የለም እኮ! ልጅዎ ልካ ነበር ማለት ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ማንም የለም፣ ጠየቁኝ፤ ለምነው ጠየቁኝ። ከዚህ በላይ ምን ያመቻቹልኝ?

«ልጅ ነበረች እኮ፣ እትዬ ዘሀራ» አልኳቸው። «የልጅ ነገር ነው፣ ይርሱት።»

ትከሻቸው ወረደ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንኳን ነገሩኝ» አሉ። «እኔማ ምን ልደብቅዎት፣ በሆዴ እርስዎን ጠርጥሬዎት ነበር። ‹ቲቸሩ ይሆን እንዴ የበደላት?› ብዬ አስቤ ነበር። ልጅ ባስተማረ ሰው ላይ ይህ ይታሰባል? አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።

አዎ፣ ይቅር አልኳቸው! እኔ እሳቸውን። ይህን ካልኩ በኋላ ምን ብዬ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? እናንተንም አልጠይቅም። ወጣትነት ነው፣ ኃላፊነት ነው፣ ማሽኑ ነው አልላችሁም። የእትዬ ዘሀራ ስልክ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ስወጣ በግድ አስመዘገቡኝ። ይህን ስጽፍም አጠገቤ ነው። ቁጥሩን አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሐያት ዛሬም በእናቷ ዘንድ ውሸታም ናት።