ውሃ ተሸክመን የተጠማን ቀን

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የፍቅረኛዬ አባት ይወቁኝ ተባለ። ትውውቁ በእግር ጉዞ እንዲሆን የወሰነችው እሷ ነች። አሜሪካ ስላደገች ሰው ከሰው የሚግባባው ተራራ ላይ ላብ እያፈሰሰ ነው ብላ ታምናለች። እኔ ያኔ ኦሮራ የሚባል ከተማ ውስጥ አረጋውያን እንከባከብ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል እግሬን አምነው ነበር። አባቷ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ባለታክሲ ናቸው። በስልክ አፕ የሚጠራው መኪና ገበያቸውን መሻማት የጀመረበት ሰሞን ስለነበር ቅዳሜያቸው ባዶ ነበር።

ፍርሃቴ አንድ ነው፦ እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። ከዚያ በፊት ለታላቅ እህቷ የመጡትን የአንድ ጴንጤ ሽማግሎች ምሳ አብልተው፣ አመስግነው፣ "አይሆንም" ብለው ሸኝተዋል። እሷ "እሺ ባይልም እንጋባለን" ትለኛለች፤ ስትለኝ ግን ዐይኔን አታይም። በጣም እወዳት ነበር። አባቷን አስከፍቼ ባገኛት ደግሞ የማገኛት ያቺኑ ሴት እንደማይሆን አውቃለሁ።

ከከተማው በስተምዕራብ ያሉትን ተራሮች በመኪና ተሻግረን የዩታ ግዛት ድንበር አጠገብ ያለው በረሃ ደረስን። መንገዱ ቀይ ገደል ይወርዳል፣ ሌላ ቀይ ገደል ይወጣል፣ ከዚያ ዞሮ መኪናችሁ ጋ ይመልሳችኋል። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ እጅግ አድካሚ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና "ዞሮ ዞሮ እዚሁ ከሆነ ለምን እዚሁ አንቀመጥም?" አሉ። እኔ ኮት ለብሻለሁ፤ የልጅቷ አባት ፊት በቲሸርት አይቀረብም።

የእኔንና የእሳቸውን ውሃ እኔ ተሸከምኩ። እሷ በቱቦ ከሚጠጣ ቦርሳ የራሷን እየመጠጠች ቀደመችን።

"ቸርቻችሁ የት ነው?" አሉኝ አባቷ።

"ኮልፋክስ መንገድ አጠገብ ነው አባባ።"

"ድራም አለ?"

"አለ።"

"ጊታርስ?"

"ጊታርም አለ።"

አባቷ እርምጃቸውን ጨመሩ።

ፀሐይዋ ስትበረታ አንድ ጠርሙስ አወጣሁ። "አባባ፣ ይጠጡ።"

"አንተ ቅደም፣ እንግዳ ነህ።"

"ኧረ እርስዎ እያሉ!"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ!"

ጠርሙሱ ተመልሶ ቦርሳ ገባ። ቤት ውስጥ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ይለምናል፣ እንግዳው እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ይቀበላል። በረሃው ላይ ግን ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ አልታወቀም። ሁለታችንም ለመንን፣ የተቀበለ የለም። ጥላ ባገኘን ቁጥር እንቆማለን፣ ጠርሙሱ ይወጣል፣ እንማማላለን፣ ጠርሙሱ ይገባል። እኔ እንደ ፈተና ነበር የቆጠርኩት፤ ከአዛውንት ቀድሞ ውሃ የጠጣ ሰው ልጅ አይሰጠውም ብዬ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ላቤ ቆመ። ሥራዬ ላይ አንድ አዛውንት በሙቀት ላባቸው ቢቆም ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ወደ ጥላ ወስጄ ውሃ እሰጣለሁ። የአባቷ ከንፈር ነጥቷል።

"ደህና ነህ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?"

"ይመስገን።"

ይህን ተባብለን እንደጨረስን ድንጋይ ላይ ልቀመጥ ብዬ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እሷ መለስ ብላ አየችንና ቁልቁል እየሮጠች መጣች። ቦርሳዬን ከፍታ አንድ ጠርሙስ አወጣች።

"ኦ ማይ ጋድ! አንዱም አልተነካም! ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ሁለታችሁም ክሬዚ ናችሁ!"

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። እሷ ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ አባቷም ብዙ ጊዜ ያዩ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ጠርሙሱን ያለ ምንም ልመና ከእጇ ወሰዱ። ቆመው ግማሹን ጠጡ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ቀሪውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ጠጣ" አሉኝ። "በአንተ ይሉኝታ ልጄ በዚህ ዕድሜዋ መበለት እንድትሆን አልፈልግም።"

እሷ ወዲያው ማልቀሷን አቆመች። እኔ ነገሩ የገባኝ ጠርሙሱን ከጨረስኩ በኋላ ነው።